ብረቱ ሳይሞቅ ግፊት አይሰጥም፦ ለአሮጌ ቦይለርና ለግፊት ታንክ የብርድ ወቅት አሠራር

ኅዳር ገብቶ ደሴ ላይ ውርጭ ሲጀምር፣ ሌሊቱን ጠፍቶ ያደረ ቦይለር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ላሜራው ሲነካ እጅ ያደነዝዛል። የውኃ ግፊት ሙከራው (ዕቃው በውኃ ተሞልቶ ከሥራ ግፊቱ በላይ የሚፈተንበት) ግን ብዙ ጊዜ የሚያዘው ለዚያው ሰዓት ነው፤ ሥራ ሳይጀመር፣ ከመስመር በተቀዳ ቀዝቃዛ ውኃ። አዲስ ዕቃ ይህን ይችለዋል። ሠላሳና አርባ ዓመት ያገለገለ፣ የብረቱ ወረቀት የጠፋ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ተበይዶ የተጠገነ ግን ላይችለው ይችላል። ይህ መመሪያ ደሴ፣ ኮምቦልቻና አካባቢው ላይ በቦይለር ቤት፣ በማቅለሚያ ክፍልና በሆስፒታል ላውንደሪ ለሚሠሩ ቴክኒሻኖች የተዘጋጀ ነው።

ብርድ ብረቱን ምን ያደርገዋል

የሞቀ ብረት ከአቅሙ በላይ ሲጫን መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ይነፋል፣ ያንጠባጥባል፤ ለሰው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ያው ብረት ከተወሰነ ሙቀት በታች ሲወርድ ጠባዩ ይለወጣል፤ ሳይለጠጥ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ስንጥቁ ከአንድ የብየዳ ጉድለት ተነሥቶ ጋኑን ከዳር እስከ ዳር የሚሰነጥቀው በቅጽበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 እንግሊዝ ውስጥ ግድግዳው 149 ሚሊሜትር የሚወፍር አዲስ የአሞኒያ ፋብሪካ ጋን በውኃ ግፊት ሙከራ ላይ እያለ ተሰብሮ፣ 2 ቶን ያህል የሚመዝን ቁራጭ 46 ሜትር ርቆ ወድቋል። ያ ጋን ገና አገልግሎት ላይ አልዋለም ነበር።

ይህን ጉዳይ በጥልቀት መርምረው ሥርዓት ያበጁለት የኒውክሌር ኃይል ማመንጫዎች ናቸው። በግፊት ውኃ የሚሠራ ሪአክተር በሥራ ላይ ሳለ 155 ባር ገደማ ግፊት ይይዛል፤ ውኃው ከ290 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከነዳጁ የሚወጣው ኒውትሮን የጋኑን ግድግዳ ለዓመታት ሲደበድበው፣ ብረቱ ተሰባሪ የሚሆንበት የሙቀት መጠን ከፍ እያለ ይመጣል፤ ብየዳው ውስጥ መዳብና ኒኬል ከበዛ ይብሳል። ስለዚህ አሮጌ ሪአክተር የሚያሰጋው በሙሉ ኃይል ሲሠራ ብቻ ሳይሆን ሲነሣና ሲቆም፣ ቀዝቀዝ ብሎ በውኃ ብቻ ጢም ብሎ ሳለም ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ፓምፕ ሳይታሰብ ቢነሣ ወይም አንድ መውጫ ቫልቭ ቢዘጋ ግፊቱ በሰከንዶች ይተኮሳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ አጋጣሚ በተደጋጋሚ ተመዘገበ። የተወሰደው እርምጃ ሦስት ዓይነት ነው፤ በብርድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ዝቅ ያለ የማስተንፈሻ ልክ ማበጀት፣ ኃይለኛ ፓምፖችን ከኤሌክትሪክ መነጠል፣ ወይም በቂ ስፋት ያለው መተንፈሻ ክፍት አድርጎ መተው።

ወሎ ውስጥ ሪአክተር የለም፤ ሦስቱ እርምጃዎች ግን ለ10 ባር ቦይለርም እንዳሉ ይሠራሉ።

«ሴፍቲ ቫልቭ አለው» ብሎ መተማመን ዋናው ስሕተት ነው። 10 ባር ላይ እንዲከፍት የተሞላ ሴፍቲ ቫልቭ የሚጠብቀው ትኩስ ቦይለርን ነው። ቀዝቃዛና ወፍራም አሮጌ ላሜራ 10 ባር ሳይደርስ፣ 6 ወይም 7 ባር ላይ ሊሰበር ይችላል፤ ቫልቩ እስከዚያ ድረስ አይነቃነቅም።

መጀመሪያ ዕቃችሁን ለዩ

ሁሉንም ታንክ እኩል መፍራት አያስፈልግም። ወሳኙ ውፍረት ነው። ተራ የካርቦን ብረት ሆኖ የጥንካሬ ሙከራ ወረቀት የሌለው ዕቃ ሙሉ ግፊት የሚሸከምበት ዝቅተኛ ሙቀት በአስሜ ኮድ (የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቦይለርና የግፊት ዕቃ ደንብ) የጥንቃቄ መስመር ሲታይ፣ ለ13 ሚሊሜትር ላሜራ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ፣ ለ25 ሚሊሜትር 20 ዲግሪ፣ ለ38 ሚሊሜትር 31 ዲግሪ ያህል ነው። 6 ወይም 8 ሚሊሜትር የሆነ የኮምፕሬሰር አየር ታንክ በደሴ ብርድ ምክንያት አይሰበርም፤ የእሱ ጠላት ታች የሚጠራቀመው ውኃና ዝገት ስለሆነ በየቀኑ ማጠንፈፍ ይበቃዋል። ትኩረት የሚሹት ወፍራም የቱቦ ሰሌዳ (የቱቦዎቹ ጫፎች የሚያያዙበት ላሜራ) ያላቸው የእሳት ቱቦ ቦይለሮች፣ ከ130 ዲግሪ በላይ የሚሠሩ የማቅለሚያ ጋኖች፣ የማንሆል (የሰው መግቢያ ቀዳዳ) ቀለበትና ትልልቅ ፍላንጆች ናቸው።

ላሜራው ስንት እንደሆነ ካላወቃችሁ በአልትራሳውንድ አስለኩ። የቦይለሩ ስም ሰሌዳ ላይ ያለው የሥራ ግፊት ዕቃው አዲስ ሳለ የነበረው ነው፤ ዝገት ከበላው ፈቃድ ያለው ተቆጣጣሪ ዝቅ አድርጎ ሊወስነው ይችላል።

የወረቀት መረጃ ለጠፋበት አሮጌ ዕቃ እኛ የምንመክረው ልክ ይህ ነው፦ የብረቱ ሙቀት 25 ዲግሪ እስኪደርስ፣ ከ25 ሚሊሜትር በላይ ከወፈረ ደግሞ 35 ዲግሪ እስኪደርስ፣ ግፊቱ ከሥራ ግፊቱ ሩብ አይበልጥም። ለ10 ባር ቦይለር 2.5 ባር ማለት ነው።

የውኃ ግፊት ሙከራ፣ በቅደም ተከተል

የሚያስፈልጉት፦ የእጅ ፓምፕ (የራሱ ማስተንፈሻ ቫልቭ ያለው)፣ ካሊብሬት የተደረጉ (ትክክለኛነታቸው የተረጋገጠ) ሁለት የግፊት ጌጆች፣ የላሜራ ሙቀት የሚለካ ቴርሞካፕል፣ ሙቅ ውኃ፣ ዓይነ ስውር ፍላንጅ (ቀዳዳ የሌለው መዝጊያ)፣ አዲስ ጋስኬት፣ መመዝገቢያ ደብተር። የጌጁ መጨረሻ ቁጥር የሙከራውን ግፊት እጥፍ ያህል ይሁን፤ ለ15 ባር ሙከራ ከ0 እስከ 30 ባር ያለው። ከ0 እስከ 100 ባር ባለው ጌጅ ላይ የ1 ባር ልዩነት ለዓይን አይያዝም።

1. ቀኑን ምረጡ። ሙከራውን ለማለዳ አትያዙ። ደሴ ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ቦይለር ቤቱ ለብ የሚለው ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ያለው ጊዜ ተስማሚ ነው። ውኃውን ማሞቅ ግን ማታውኑ ይጀመራል።

2. የመመገቢያ ፓምፑን ነጥሉ። ብሬከሩን ጣሉ፣ ቆልፉበት፣ ቁልፉን ሙከራውን የሚመራው ሰው ይያዝ። አውቶማቲክ ላይ መተው አደገኛ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የውኃ መጠን መቆጣጠሪያው ፓምፑን በራሱ ሊያስነሣው ይችላል። ብዙ የመመገቢያ ፓምፖች መውጫቸው ሲዘጋ የሚያደርሱት ግፊት ከቦይለሩ የሥራ ግፊት በላይ ነው።

3. ሴፍቲ ቫልቮቹን አውጥታችሁ ቦታቸውን በዓይነ ስውር ፍላንጅ ዝጉ። ማውጣት ካልተቻለ ዘንጉን ከላይ በሚይዝ ማሰሪያ፣ በተለምዶ ጋግ በሚባለው፣ ያዙት። ጋግ በጣት ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ በቺያቬ ከጠበቀ ዘንጉ ይጣመምና ቫልቩ ከዚያ በኋላ አይታመንም። በእያንዳንዱ ጋግና ዓይነ ስውር ፍላንጅ ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሩ፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ።

4. ውኃውን አሙቁ። ለእሳት ቱቦ ቦይለር የአስሜ ኮድ የሚጠይቀው ውኃው ከ20 ዲግሪ እንዳያንስ፣ ብረቱ ደግሞ ሰው ቀርቦ ሲመረምር ከ50 ዲግሪ እንዳይበልጥ ነው። ለአሮጌ ዕቃ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ እንላለን። ለምሳሌ 8 ሜትር ኪዩብ ውኃ የሚይዝና 10 ቶን ብረት ያለው ቦይለር 10 ዲግሪ ላይ አድሮ ከሆነ፣ 28 ዲግሪ የሆነ ውኃ ሲገባበት ሁለቱም 26 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይገናኛሉ። የመስመር ውኃው 12 ዲግሪ፣ ከሌላ ቦይለር የሚመጣው ኮንደንሴት (እንፋሎት ቀዝቅዞ የሆነው ሙቅ ውኃ) 80 ዲግሪ ከሆነ፣ አራት እጅ አድርጋችሁ አንዱን እጅ ሙቅ፣ ሦስቱን ቀዝቃዛ ብትቀላቅሉ 29 ዲግሪ ይሰጣችኋል። ቅልቅሉ በመመገቢያ ታንኩ ውስጥ ይሁን። ቀዝቃዛ ብረት ላይ የፈላ ውኃ በቀጥታ መልቀቅ፣ ቀዝቃዛ ምጣድን በአንድ ጊዜ በኃይለኛ እሳት ላይ እንደ መጣድ ነው፤ ውጤቱም አንድ ነው።

5. ከታች ሙሉ፣ ከላይ አስተንፍሱ። የላይኛው መተንፈሻ አረፋ የሌለበት ውኃ ለ5 ደቂቃ ያህል እስኪያፈስስ ክፍት ይቆይ። በውኃ ምትክ አየር ከቀረ አደጋው ይብሳል፤ የታመቀ አየር ብረቱ ሲሰበር ቁርጥራጩን የሚወረውር ጉልበት ነው።

6. ጠብቁ። ውኃውና ብረቱ ተመሳሳይ ሙቀት ላይ ሳይደርሱ ግፊት አይጀመርም። ወፍራም የቱቦ ሰሌዳ ላለው ቦይለር ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያስፈልጋል። ሙቀቱን ቢያንስ አራት ቦታ ለኩ፤ የሆዱ ታች፣ የፊት ቱቦ ሰሌዳ፣ የኋላ ቱቦ ሰሌዳ፣ የማንሆሉ ቀለበት። የሚወስነው አማካዩ ሳይሆን ከአራቱ ዝቅተኛው ነው። በኢንፍራሬድ የምትለኩ ከሆነ የሚያብለጨልጭ ብረት ላይ አታነጣጥሩ፤ ንባቡ ከእውነተኛው ሙቀት ጋር አይገጥምም። ትንሽ ቦታ ጥቁር ቀለም ቀቡ ወይም ጥቁር የኤሌክትሪክ ፕላስተር ለጥፉና እሱ ላይ ለኩ።

7. ግፊቱን በእጅ ፓምፕ ቀስ ብላችሁ ስጡ። መጀመሪያ እስከ ሙከራው ግማሽ፤ ከዚያ በኋላ አንድ አሥረኛ አንድ አሥረኛ እየጨመራችሁ፣ በየደረጃው ጥቂት ደቂቃ ቆሙ። አዲስ ቦይለር በአስሜ ኮድ የሚፈተነው በሥራ ግፊቱ 1.5 እጥፍ ነው፤ ለአሮጌ ዕቃ ግን መጠኑን የሚወስነው ተቆጣጣሪው ነው፣ እሱ ከወሰነው በላይ አንድ የፓምፕ ምት እንኳ አይጨመርም። ጌጁ ታች ከተገጠመ የውኃው ቁመት እንደሚጨምርበት አስታውሱ፤ 3 ሜትር ቁመት 0.3 ባር ያህል ነው።

8. የገባውን ውኃ ቁጠሩ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህንን ነው፤ እኛ ግን ከጌጁ እኩል እናምነዋለን። 8 ሜትር ኪዩብ ውኃ 15 ባር ላይ ለማድረስ ውኃው ራሱ የሚታመቀው 5.5 ሊትር ያህል ነው፤ ጋኑ ሲለጠጥ የሚወስደው ተጨምሮ ድምሩ ከ6 እስከ 12 ሊትር ይሆናል። ከበርሜል እየቀዳችሁ በሊትር ለኩ። 30 ሊትር ገብቶ ጌጁ ገና 8 ባር ላይ ከሆነ ወይ አየር አለ፣ ወይ የሆነ ቦታ ያፈስሳል። አቁሙ፣ ግፊቱን ልቀቁ፣ እንደገና አስተንፍሱ። የሚፈስሰውን ለማሸነፍ የእጅ ፓምፑን ማፍጠን አይፈቀድም።

9. ሙሉው የሙከራ ግፊት ላይ ሳለ ማንም አይቅረብ። ጌጁ የሚነበበው ከጎን፣ ከግድግዳ ጀርባ ነው፤ ከቱቦ ሰሌዳውና ከማንሆሉ ፊት ለፊት ሰው አይቆምም። 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ወደ ሥራ ግፊቱ አውርዱትና ያኔ ቅረቡ፤ ብየዳውን፣ የቱቦ ጫፎቹን፣ ብሎኖቹን በባትሪ ብርሃን እዩ። ከመርመራው በፊት የኢንሱሌሽኑ ሽፋን ብየዳው ላይ መነሣት አለበት፤ የተሸፈነ ብየዳ አልተፈተነም።

10. ግፊቱን በዝግታ አውርዱ፤ ውኃውን ከመልቀቃችሁ በፊት የላይኛውን መተንፈሻ ክፈቱ። ሳይከፈት ከታች ከተለቀቀ ውስጡ ይመጥጣል፤ ቀጭን ታንክ ወደ ውስጥ ይጨማደዳል።

ሞልቶ የተዘጋ ታንክ

ሙከራው አለቀና ሠራተኛው ምሳ ወጣ፤ ታንኩ ጢም ብሎ፣ ቫልቮቹ ሁሉ ተዘግተው ቀሩ። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ምን ይሆናል? ውኃው ከ25 ዲግሪ ወደ 30 ሲሄድ መስፋት ይፈልጋል፤ ቦታ የለውም። በእያንዳንዱ ዲግሪ ግፊቱ እንደ ጋኑ ውፍረት ከ2 እስከ 5 ባር ሊጨምር ይችላል። 5 ዲግሪ ማለት 10 ባርና ከዚያ በላይ ነው፤ ማንም አልፓመፐ፣ ማንም እሳት አላነደደ። ይህ ለሪአክተሮቹ የተፈራው ችግር በቁሙ ነው። ሙከራው እንዳበቃ አንድ መተንፈሻ ክፈቱ፤ ታንኩን ሞልታችሁ ማሳደር ካለባችሁም ክፍት እንደሆነ ይደር።

የመተንፈሻው ስፋት ለመመገቢያ ፓምፑ መመጠን አለበት። ፓምፑ በሰዓት 4 ሜትር ኪዩብ የሚሰጥ ከሆነ ይህንን ሁሉ በ2.5 ባር ለማስወጣት 83 ካሬ ሚሊሜትር፣ ማለትም 10 ሚሊሜትር ከምናምን ዲያሜትር ያለው ቀዳዳ ይፈልጋል። ፓምፑ ተቃራኒ ግፊት ሲያጣ ስም ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው በላይ ስለሚሰጥ፣ ቱቦውና ክርኑም ስለሚያስታግሱት፣ 20 ሚሊሜትር የሆነ ሙሉ ቀዳዳ ያለው ቦል ቫልቭ ግጠሙ። ግማሽ ኢንች የጌት ቫልቭ ግማሹ ዝጎ ከቀረ መተንፈሻ ነው ማለት አይቻልም። በብርድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል፣ 2.5 ባር ላይ የሚከፍት ተጨማሪ የውኃ ማስተንፈሻ ቫልቭ መግጠም ከቻላችሁም ጥሩ ነው፤ እሱ ስር መዝጊያ ቫልቭ ይፈቀዳል፣ ቦይለሩ ሲሞቅ ስለሚነጠል። በዋናው ሴፍቲ ቫልቭና በቦይለሩ መካከል ግን መዝጊያ ፈጽሞ አይገባም።

ከብርድ ማስነሣት

ቦይለር በራሱ እሳት ሲሞቅ እንፋሎቱ ከመውጣቱ በፊት ውኃው መፍላት ስላለበት፣ ብረቱም አብሮ የሞቀ ይመስላል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ኮምቦልቻ ላይ 94 አካባቢ። በእሳት ቱቦ ቦይለር ውስጥ ግን ትኩሱ ውኃ ላይ ይወጣና ቀዝቃዛው ከእሳት ቱቦው በታች ተኝቶ ይቀራል። ጌጁ 3 ባር ሲያሳይ የሆዱ ታች ገና ለብ ያለ ሊሆን ይችላል። ጌጁን ብቻ ያየ ሰው ይሳሳታል።

ስለዚህ ውኃውን ከውኃ ማሳያው መስታወት ዝቅተኛ ምልክት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቦታ ይፈልጋል። መተንፈሻው ክፍት ይሁን። በርነሩን ዝቅተኛ እሳት ላይ አድርጉት፤ የአምራቹ መጽሐፍ ካለ በእሱ ሂዱ፣ ከጠፋ የውኃው ሙቀት በሰዓት ከ30 ዲግሪ በላይ አይውጣ። ለሪአክተሮች የተለመደው ገደብ በሰዓት 55 ዲግሪ ነው፤ ለአሮጌ የእሳት ቱቦ ቦይለር ግማሹ ይበቃል። በዚህ ልክ ከ12 ዲግሪ ተነሥቶ 10 ባር ለመድረስ 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንፋሎት የሚፈልግ ክፍል ካለ እሳቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይለኮሳል። ይህንን ለመቀነስ በርነሩን ሙሉ ከመልቀቅ ይልቅ ሌሊቱን ቦይለሩን በጥቂት ባር አሳድሮ ማቆየት ይሻላል።

መተንፈሻውን የምትዘጉት እንፋሎት ያለማቋረጥ ለጥቂት ደቂቃ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ የታችኛውን ብሎውዳውን (የውኃ መልቀቂያ ቫልቭ) ለጥቂት ሰከንድ ክፈቱ፤ ቀዝቃዛው ውኃ ሲወጣ ትኩሱ ወደ ታች ይወርዳል። መስታወቱን ሳታዩ ግን አትክፈቱ። የሆዱ ታች 60 ዲግሪ ሳያልፍ ግፊቱን ከሥራ ግፊቱ ሩብ በላይ አታስኬዱት።

ከቦይለሩ እንፋሎት የሚቀበል ቀዝቃዛ የማቅለሚያ ጋን ሲሆን ዋናውን ቫልቭ በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። 15 ወይም 20 ሚሊሜትር የማሞቂያ ባይፓስ (ዋናውን ቫልቭ የሚያልፍ ቀጭን ቱቦ) ይኑረው፤ የታች ማጠንፈፊያውም ክፍት ይሁን። ውስጡ የታፈነ አየር ካለ ጌጁ ግፊት ያሳያል፣ ግድግዳው ግን እንደ በረደ ነው። ቱቦው ውስጥ የቆመ ውኃ ካለ ደግሞ እንፋሎቱ ገፍቶት እንደ መዶሻ ይመታል።

ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታንክ

ቢራና ለስላሳ የሚያመርቱ ቤቶች የሚያስቀምጡት ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብዛኛውን ጊዜ 20 ባርና ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግፊቱ በፍሳሽ ምክንያት ሲወርድ ፈሳሹ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ ጌጁ 4 ባር አካባቢ ሲደርስ ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ ይሆናል፣ ከዚያ ካለፈ በረዶ ይሆናል። ግፊት ያጣ ታንክን በቶሎ ሞልቶ መመለስ፣ ተሰባሪ በሆነ ብረት ላይ ሙሉ ግፊት መጫን ነው። የታንኩን አቅራቢ ጥሩ፤ ግድግዳው ለብረቱ የተፈቀደው ሙቀት ላይ መድረሱ ሳይረጋገጥ ማንም እንዳይሞላው ቫልቩን ቆልፉ።

ከመነሣት በፊት

ቀይ ጨርቆቹን ቁጠሩ። የገባው ጋግና ዓይነ ስውር ፍላንጅ ቁጥር ከወጣው ጋር እኩል ካልሆነ በርነሩ አይለኮስም። ሴፍቲ ቫልቭ ከነጋጉ የተረሳበት ቦይለር ሲሞቅም መከላከያ የለውም። ቁጥሩ ከገጠመ፣ የፓምፑ ቁልፍ ከተመለሰ፣ አራቱ የሙቀት ንባቦች ደብተር ላይ ከሰፈሩ በኋላ የሺፍቱ ኃላፊ ይፈርማል፤ ተረኛው ኦፕሬተርም ያንን ገጽ ሳያነብ እሳት አይለኩስም።